ግማሹን መኪናው ይነዳል፣ ሙሉውን ባለቤቱ ይጠየቃል

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ጅማ ላይ ሰሞኑን ከአስመጪ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ካለ፣ የገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ፈረንጅ አራዳ ለአፍታ ቆም ብትሉ በባጃጆቹና በሚኒባሶቹ መሃል ድምፃቸውን አጥፍተው የሚያልፉ ቢዋይዲዎች፣ ቻንጋኖች፣ ቻይና የተሠሩ ቶዮታና ቮልስዋገኖች ታያላችሁ። ወሬው ሁሉ ስለ ባትሪ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ያደርሳል? ቻርጅ የት ይደረጋል? ባትሪው ሲያረጅ ስንት ይፈጃል?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን ከእነሱ እኩል መነሳት ሲገባው የማይነሳ ጉዳይ አለ። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ በከፊል ራሳቸውን ይነዳሉ። ፍጥነት ይጠብቃሉ፣ መስመር ይጠብቃሉ፣ አደጋ መሰላቸው እንደሆነ ሹፌሩን ሳያማክሩ ፍሬን ይይዛሉ። አደጋ ሲደርስ ግን ካሳ በቀዳሚነት የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው። እሱም ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። ከፓራብሬዛው በስተጀርባ፣ ከውስጥ መስታወቱ አካባቢ፣ ካሜራ አለ። በብዙዎቹ ላይ ከፊት ፓራውልቱ ወይም ከአርማው ኋላ ራዳርም አለ። ካሜራው መስመሩን፣ ሰውንና መኪናን ይለያል። ራዳሩ ርቀትና ፍጥነት ይለካል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አገናኝቶ መሪውን፣ ፍሬኑንና ሞተሩን ያዛል።

መሐንዲሶች ይህን ችሎታ ከ0 እስከ 5 በደረጃ ይከፋፍሉታል። 5 ማለት የትም፣ በማንኛውም ሁኔታ ያለ ሰው የሚነዳ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ዛሬ ዓለም ላይ ለሽያጭ የለም። እኛ አገር የሚገቡት በአብዛኛው ደረጃ 1 እና 2 ናቸው። ደረጃ 2 ላይ መኪናው መሪውንም ፍጥነቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ መንገዱን ማየት ያለበት ግን ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ እንዲያነሳ የሚፈቀድለት ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው፣ እሱም በተወሰነ መንገድና ሁኔታ ብቻ። መርሰዲስ እንዲህ ላለ ሲስተም ጀርመን ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው። ያኔ የተፈቀደለትም በአውራ ጎዳና፣ እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ነበር።

ሻጩ ግን ይህን ሁሉ አይነግራችሁም። "ራሷን ትነዳለች" ብሎ ቁልፉን ያስረክባችኋል።

አንድ የማውቀው የቡና ነጋዴ እንዲህ ተብሎ ነው የገዛው። መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በቻይንኛ ነው። መመሪያ መጽሐፉም እንደዚያው። ልጁ ከጎኑ ተቀምጦ በስልኩ ካሜራ ሜኑውን እያስተረጎመ ይነግረዋል። "አባዬ፣ ይሄ መስመር መጠበቂያው ነው መሰለኝ። ይሄኛው ደግሞ... ፍሬን ይሆን?" ብዙ ሚሊዮን ብር ወጥቶበት፣ ቤተሰብ የሚጫንበት መኪና ፍሬን በ"መሰለኝ" ነው የሚበራውና የሚጠፋው። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ችግር አላየውም። ሹፌሩ መኪናው መቼ እንደሚያግዘው፣ መቼ እንደሚተወው ካላወቀ፣ ቴክኖሎጂው ያለ ፈቃዱ መሪ የሚነካ ረዳት ከጎን እንደማስቀመጥ ነው።

አሁን ይህን መኪና ወደ እኛ መንገድ እናምጣው።

ጅማ ዝናብ የሚወዳት ከተማ ናት። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በበጋውም ደመናው ብዙ አይርቅም። ከገጠር መንገድ ወደ አስፋልት የሚወጣ መኪና ፊቱ በጭቃ ተለስኖ ነው የሚመጣው። ጭቃ የሸፈነው ራዳር አያይም። ጉም የሸፈነው ካሜራም አያይም። ጥሩ ሲስተም እንዲህ ሲሆን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ራሱን ያጠፋል። ማስጠንቀቂያው ግን በቻይንኛ ነው።

መስመር መጠበቂያው የሚሠራው የተቀባ መስመር ሲኖር ነው። የእኛ መንገድ ላይ ቀለሙ አንዳንዱ ቦታ ደምቆ ይታያል፣ አንዳንዱ ቦታ ጨርሶ ለቅቋል። ጉድጓድ ስታዩ ፍሬቻ ሳታሳዩ ወደ ግራ መሸሽ ደግሞ የሁላችንም ልማድ ነው። መኪናው ይህን ሲያይ "ሹፌሩ አንቀላፍቶ ከመስመር እየወጣ ነው" ብሎ ይገምትና መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሳል። ወደ ጉድጓዱ ማለት ነው። ነገሩን የማያውቅ ሹፌር በዚያች ቅጽበት ደንግጦ መሪውን በኃይል ይጎትታል። ከፊት ለፊት ኤፍኤስአር እየመጣ ቢሆንስ?

ወደ ሰርቦና ወደ አሰንዳቦ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ አስቡት። የገበያ ቀን ነው። አህያው እንጨት ተጭኖ በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳል። በቆሎ ተሰጥቶ የመንገዱን አንድ ጎን ይዟል። ባጃጅ ያለ መብራት ከመታጠፊያ ብቅ ይላል። ሰው ከሁሉም አቅጣጫ ያቋርጣል። ዜብራ የለም፤ ቢኖርም የሚጠብቀው የለም። ካሜራው የሰለጠነው በብዙ ምስሎች ነው። ያልለመደውን ነገር ሲያይ ይገምታል።

ግምቱ ሲስት ምን እንደሚሆን ዓለም በደንብ ያየው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 አሪዞና፣ ቴምፒ ከተማ ላይ ነው። ኡበር ይፈትነው የነበረ ራሱን የሚነዳ መኪና፣ በሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ ታቋርጥ የነበረች ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ ያወጣው ነገር አስደንጋጭ ነበር። ራዳሩ ሴትዮዋን ከመግጨቱ 5.6 ሰከንድ አስቀድሞ አይቷታል። ግን ምን እንደሆነች መወሰን አቃተው። አንዴ መኪና ይላታል፣ አንዴ "ሌላ ነገር"፣ አንዴ ብስክሌት። በለወጠ ቁጥርም ወዴት እንደምትሄድ ስሌቱን እንደገና ይጀምራል። ምክንያቱ ደግሞ ይህ ነበር፦ ሶፍትዌሩ እግረኛ ከዜብራ ውጭ ሊያቋርጥ ይችላል የሚል ሐሳብ ከነጭራሹ አልነበረውም።

ይህን ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ የጅማው ሂርማታ ገበያ ነው። እዚያ ከዜብራ ውጭ የማያቋርጥ ማን አለ?

ያ የሙከራ መኪና ነበር፤ ዛሬ እኛ ጋ ያሉት እሱ አይደሉም። ቴክኖሎጂውም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ጥቅሙን መካድ አልፈልግም። በአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ከፊት ያለን መኪና ከኋላ መግጨትን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እግረኛ የሚለየው ዓይነትም እግረኛ መግጨትን በ27 በመቶ እንደቀነሰ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቋል። ይህ ብዙ ሕይወት ነው። ግን ያው ጥናት አንድ ነገር ጨምሮ ተናግሯል። የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ ውስጥ ልዩነት አልታየም። ከጅማ ወጥታችሁ በየትኛውም በር ሂዱ፤ ከከተማው ጫፍ በኋላ የመንገድ መብራት አታገኙም። በአጋሮ በኩል ይሁን በቦንጋ፣ ሌሊት ላይ የሚታያችሁ የራሳችሁ መብራት የደረሰበት ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑን በጣም በምንፈልገው ሰዓት ማሽኑ ብዙም አይረዳንም።

የግቤ ቁልቁለትም የራሱ ጉዳይ አለው። የኤሌክትሪክ መኪና እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ያን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል። ለቁልቁለት ግሩም ነው፣ ፍሬን አይግልም። ግን ባትሪው ጢም ካለ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ መያዙ ይቀንሳል። ወልቂጤ ላይ እስከ አፉ ቻርጅ አድርጎ ብዙም ሳይቆይ ቁልቁለቱን የሚጀምር ሰው፣ የለመደውን መያዝ ሲያጣ ፍሬን የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። አልተበላሸም። የፍሬን ፔዳሉ ይሠራል፣ እሱን ይርገጥ። ጠዋት ላይ ጉዞ ያለው ሰው ባትሪውን 90 በመቶ ላይ ቢያቆመው ይሻለዋል። ይህን ከሻጭ አፍ የሰማ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጋራዡንም እናንሳ። ጠጠር ፓራብሬዛ ሰነጠቀ እንበል። ድሮ መስታወት ተገዝቶ፣ ላስቲክ ተቀብቶ ተለጥፎ ያልቃል። አሁን ካሜራው ከዚያ መስታወት ጋር የተያያዘ ነው። መስታወት ሲቀየር ካሜራው በመሣሪያ መስተካከል አለበት። ትንሽ ዘንበል ካለ ከፊት ሃምሳ ሜትር ላይ ያለውን ነገር በተሳሳተ ቦታ ያየዋል። ፓራውልትም እንዲሁ ነው። ባትላሜራው ስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ደራርቦ አሳምሮ ይመልስላችኋል። ራዳሩ ግን ያ ሁሉ ልስን ፊቱ ላይ ተለጥፎበታል። ባትላሜራው አላጠፋም፤ የተማረውን ነው የሠራው። ስለ ራዳር የነገረው የለም። መኪናው ከዚያ በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ቢይዝ፣ ወይም መያዝ ባለበት ቦታ ሳይዝ ቢቀር፣ ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ሕጉ ይመጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የማያወላውል ቃል ተናግሯል። የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም። "እኔ አላጠፋሁም" ማለትም አያድነውም፤ የሚቀልለት ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ሲሆን፣ ወይም መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። ይህ መጥፎ ሕግ አይደለም። ለተገጨው እግረኛ ትልቅ ጋሻ ነው፤ ማንም እንዲነካበት አልፈልግም። ተጎጂ ሴንሰርና ሶፍትዌር እያስመረመረ ካሳ መጠበቅ የለበትም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባለቤቱ ካሳውን ከፈለ እንበል። ጥፋቱ የፋብሪካው ከሆነ ወደ ማን ይዞራል? ያው ሕግ ቁጥር 2085 ላይ፣ ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በወረቀት ላይ መብቱ አለ። በተግባር ግን አምራቹ ለምሳሌ ቻይና፣ ሼንዘን ከተማ ነው። መኪናው የመጣው በአምራቹ ወኪል ሳይሆን በግል አስመጪ ከሆነ፣ አምራቹ "ይህን መኪና ለኢትዮጵያ አልሸጥኩም" ሊል ይችላል። የጅማ ከሳሽ ሼንዘን ድረስ ሄዶ ይሟገት?

ሁለት መኪና ሲጋጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቁጥር 2084 ሁለቱ ተሽከርካሪዎች ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ግምቱን የሚያፈርሰው ከሹፌሮቹ የአንዱ ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። አሁን መኪናችሁ አሰንዳቦ መግቢያ ላይ በራሱ ፍሬን ያዘና ከኋላ ሚኒባስ ገባባችሁ እንበል። ሚኒባሱ "ያለ ምክንያት ቆመብኝ" ይላል። እናንተ "እኔ አላቆምኩም" ትላላችሁ። ትራፊክ ፖሊሱ ሜትር ይዞ የጎማ ምልክት ይለካል። ፍሬኑን የረገጠው እግር ይሁን ኮምፒውተር ግን ሜትሩ አይነግረውም።

የሚነግረው መኪናው ውስጥ ያለው መረጃ ነው። ዘመናዊ መኪኖች ግጭት ሲፈጠር ከግጭቱ በፊት ያሉትን ሰከንዶች ይመዘግባሉ፦ ፍጥነቱን፣ ፍሬን ተረግጦ እንደሆነ፣ ቀበቶ ታስሮ እንደሆነ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ይህ መቅጃ እንዲኖረው አስገድዷል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ፣ የተቀዳው መረጃ የመኪናው ባለቤት ወይም ተከራይ ንብረት ነው ብላለች። እኛ ጋ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መልካም መነሻ ነው። የሚቀረው ይህን መረጃ ከመኪናው አውጥቶ የሚያነብ መሣሪያና ሰው በየክልሉ መኖሩ ነው። ለጅማ ሹፌር ይህ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ መረጃው ካልተነበበ አላጠፋሁም የሚልበት ምንም ማስረጃ የለውም።

ሌላው ዓለም ኃላፊነቱን እንዴት እያካፈለ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የቴስላ ሹፌር መኪናው በአውቶፓይለት (መሪና ፍጥነት በሚይዝለት ሲስተም) እየሄደ እያለ ስልኩ ወደቀበትና ሊያነሳ ጎንበስ አለ። መኪናው መንገዱ ያለቀበት መገናኛ ላይ ሳይቆም አልፎ፣ ከቆመ መኪና አጠገብ የነበረች ወጣት ሴት ገደለ፣ ጓደኛዋን ክፉኛ አቆሰለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ሹፌሩን ሁለት ሦስተኛ፣ ኩባንያውን አንድ ሦስተኛ ተጠያቂ አደረጉ። በኩባንያው ላይ የተፈረደው 243 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ኩባንያው ፍርዱን ተቃውሟል። ለእኔ ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው ክፍፍሉ ነው። ሹፌሩ ጥፋተኛ ነው፤ እንዲዘናጋ ልቡን የሞላውም ከነቀፋ አልዳነም።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ፣ ፈቃድ ያገኘ ሲስተም በሙሉ እየነዳ ባለበት ጊዜ ለአነዳዱ የሚጠየቀው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው አይደለም። ቻይና ራሷ፣ መኪኖቹን የምትልክልን አገር፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የሻኦሚ መኪና ሦስት ሰዎች ከገደለ በኋላ አምራቾች በማስታወቂያ ላይ "ራሱን የሚነዳ" ዓይነት ቃል እንዳይጠቀሙ አዛለች። ፋብሪካው በገዛ አገሩ እንዲል ያልተፈቀደለትን፣ ሻጩ እኛ ጋ በልበ ሙሉነት ይለዋል።

ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ደረጃ 2 መኪናን "ራሷን ትነዳለች" ብሎ መሸጥ አሳሳች ካልሆነ ምን አሳሳች ነው? ሻጭ መኪናው የሚችለውንና የማይችለውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲያስረክብ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አልፈርምም ካለም ራሱ መልስ ሰጥቷችኋል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን አዲሱ መኪና ሳይሆን አሮጌው ነው። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ገደማ ተጠርተው እንዲቀየሩ ተደርጓል። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ውስጣቸው ያለው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ከዚያ ኤርባጉ ሲፈነዳ ከልክ በላይ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ ሹፌሩ ፊትና አንገት ላይ ይረጫል። ከተጠሩት መኪኖች ውስጥ ቪትዝና ኮሮላ አሉበት። ከተማችን ደግሞ በቪትዝና በኮሮላ የተሞላች ናት፤ እርጥበቷንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ጃፓን ወይም ዱባይ ለነበረው የመጀመሪያ ባለቤት ደብዳቤ ተልኮለት ይሆናል። መኪናው ባሕር ተሻግሮ ጅማ ሲገባ ደብዳቤው አልተከተለውም።

አዲሶቹም ከዚህ አያመልጡም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ላይ የአውቶፓይለትን ጉድለት ያስተካከለው በኢንተርኔት በላከው ሶፍትዌር ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል የመጣ መኪና ግን ከፋብሪካው ጋር መስመሩ የተቆረጠ ከሆነ እንዲህ ያለው እርማት ላይደርሰው ይችላል። ባለቤቱም ጉድለት መኖሩን አይሰማም።

ይህን ማስተካከል ከባድ አይመስለኝም። እያንዳንዱ መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል። የሻንሲ ቁጥሩ ያኔ ጠረጴዛው ላይ ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ከዋና ዋና አምራቾች የተጠሩትን መኪኖች ቁጥር ጠይቆ ለምርመራ ጣቢያዎቹ ቢሰጥ፣ ባለቤቱ ቦሎውን ሲወስድ "መኪናዎ ጥሪ አለበት" ሊባል ይችላል። አስመጪውም መኪናውን ሲያስገባ ጥሪ እንደሌለበት ወይም እንደተስተካከለ እንዲያስረዳ ይገደድ። ራዳርና ካሜራ ያለው መኪና ደግሞ ግጭት ደርሶበት ከተጠገነ በኋላ ሳይስተካከል መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይደረግ። ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መኪኖቹን በእኛው ጨለማና በእኛው ጭቃ ላይ ቢፈትንልን ምንኛ በጠቀመን።

የቪትዝና የኮሮላ ባለቤቶች ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለባችሁም። ሊብሬያችሁን አውጡና የሻንሲ ቁጥሩን ቶዮታ ጥሪ ማጣሪያ ብሎ በከፈተው ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። የጃፓን መኪና ከሆነ የጃፓኑን ገጽ ተጠቀሙ፤ ስልካችሁ ይተረጉመዋል። ጥሪ ካለበት ኤርባጉን በራሳችሁ ወይም በሰፈር ኤሌክትሪሺያን አታስነኩት፤ ሥራውን ወደሚያውቅ ጋራዥ ውሰዱት። እስከዚያው ከመሪው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ቀበቶውንም እሰሩ። ጥሪ ያለበት የተሳፋሪው ኤርባግ ከሆነም ከፊት ወንበር ሰው አታስቀምጡ።